በስድስት እንቁላል

በ2000 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ደሴ ፒያሳ እሠራበት በነበረው ፍሬም ቤት ቁጭ ብሎ ሻይ ለመጠጣት እንኳ ፋታ አልነበረንም። ሀገሩ አዲሱን ሺህ ዓመት ሲያከብር የከረመበት ዓመት ነውና ከሣጥን ሥር ያልወጣ የአያት ፎቶግራፍ የቀረ አይመስለኝም። አንዱ ዝናብ ያራሰውን፣ ሌላው አይጥ የበላውን፣ ሌላው ደግሞ ለሁለት የተቀደደውን ይዞ ይመጣል። የዓድዋ በዓል ሲቃረብማ ከደጃፋችን የሚቆመው ሁሉ የዘማች የልጅ ልጅ ሆነ። ለማሾፍ አይደለም፤ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ መዝመቱ የታወቀ ነው፤ ከእነዚያ ፈረሰኞች የሚወለደውም ብዙ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የ26 ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ የሜዳልያ ፍቅር ክፉኛ ይዞኛል። ፍቅሩ የጀመረኝ ከሰኞ ገበያ ብረታ ብረት ሻጮች ነው። የጣሊያን ወታደር ልብስ ቁልፎች፣ መርፌው የተሰበረ ኒሻን፣ አልፎ አልፎም ማርትሬዛ ብር እየገዛሁ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅም ነበር። ማርትሬዛ ትልቅ መምህሬ ናት። መልኳ ያለባት የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች ወዲህ በማንኛውም ዘመን ትመታ፣ ላይዋ ላይ የሚነበበው ዓመት በፈረንጆች 1780 ብቻ ነው። ስለዚህ በዕቃ ላይ የተጻፈን ዓመት ሳልመረምር እንዳላምን አስተምራኛለች። ደመወዜ የሚያልቀው ኢንተርኔት ቤት ነበር፤ አንድ ሥዕል እስኪከፈት ሻይ ታዝዞ ይጠጣል። እንደዚያ እየሆንኩ የጣሊያንን፣ የእንግሊዝንና የእኛን ሜዳልያዎች በመልካቸው ለየሁ። በከተማው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላውቅም ነበር፤ ይህም ሳያበላሸኝ አልቀረም።

በዓሉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ኮት የለበሱ ጎልማሳ ሰው እናታቸውን ደግፈው ገቡ። ሴትዮዋ ሰባ አምስትን ያለፉ፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ያጣፉ፣ ዝምተኛ ነበሩ። ልጃቸው ፎቶግራፉን ከጋዜጣ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ በደረታቸው ላይ ትንሽ መስቀል ተንጠልጥላለች። ቀጥለው መስቀሏን ራሷን ከኪሳቸው አወጡ።

«አያታችን ከራስ ሚካኤል ጦር ጋር ዓድዋ ዘምተው፣ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ደረት ላይ የነቀሏት ናት» አሉኝ። «ከፎቶው ሥር በቀይ ከፋይ ላይ አስቀምጥልን። ከሥሩ በሚለጠፈው የነሐስ ሰሌዳም ላይ ዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ብለህ ጻፍ።»

መስቀሏን አነሳኋት። በሎሚና በአመድ ፈትገዋት እንደ አዲስ ሳንቲም ታበራለች። ነሐስ በስንት ዓመት የሚያወጣውን ያንን ደስ የሚል ቡናማ ቀለም እንዲህ ገፍፈው ሲያመጡልኝ እስከ ዛሬ ያመኛል። የሆነው ሆኖ ለማወቅ አልተቸገርኩም። በላይኛው ክንፍ ላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር የ«ቪ» እና የ«ኢ» ፊደሎች ከሦስት ቁጥር ጋር፤ በአግድሙ «ሜሪቶ ዲ ጉዌራ» የሚል ጽሑፍ፤ በታችኛው ክንፍ ላይ የሮማውያን አጭር ሰይፍ። ገልበጥ ሲያደርጓት ጨረር በሚረጭ መደብ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አለባት። የጣሊያን የጦር አገልግሎት መስቀል ናት። ፊደሎቹ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ናቸው። እሱ የነገሠው አባቱ ኡምቤርቶ በ1892 ዓ.ም. ሲገደል ነው፤ የዓድዋ ጦርነት ሲካሄድ ዙፋኑ ላይ የነበረው አባቱ ነው። መስቀሏን ያቋቋመውም ይኸው ልጁ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጥር 11 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ዕለት መዋሉ ስለሚገርመኝ ቀኑን ረስቼው አላውቅም። ከዓድዋ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። ያልተሠራ መስቀል ከማን ደረት ይነቀላል?

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ቤቱ ውስጥ ሌሎች አራት ደንበኞች ነበሩ፤ እነሱም ጸጥ ብለው ያዳምጡኝ ነበር። መሰማቴ ደስ አለኝ።

«ታዲያ ከየት መጣች?» አሉ ሰውዬው፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ፎቶውን አየሁት። ምርኮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሽልማት ነው ብዬ በልቤ ፈረድኩ። «በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ለራሳቸው ሰው ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው ለተሰለፉ የቅኝ ግዛት ወታደሮችም ይሰጡት ነበር» አልኩ። «እንግዲህ አያትዎ ደረታቸው ላይ ካደረጉት...»

«አያቴ ባንዳ ነበሩ እያልከኝ ነው?»

ከደንበኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እናትየው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እኔን አዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከፍ አደረጉ። ምንም አላሉም። ዝምታቸውን የእፍረት ዝምታ አድርጌ ቆጠርኩት፤ እንዲያውም ለራሴ ማስረጃ አደረግኩት። ልጃቸው መስቀሏን ከእጄ ነጥቀው፣ እናታቸውን ደግፈው ወጡ። ቀብዳቸውንም አልጠየቁም። ፎቶግራፉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

አሠሪዬ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። እስኪመሽ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በር ስንዘጋ ግን «መስታወት ቁረጥ ተባልክ እንጂ ፍረድ አልተባልክም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ ስሕተት ነው።»

«የመስቀሉን ታሪክ ነገርካቸው። የሰውየውን ከየት አመጣኸው?»

መልስ አላገኘሁም። እንግሊዞች በዚያው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሜዳልያዎቻቸው ጠርዝ ላይ የወታደሩን ቁጥር፣ ማዕረግና ስም ይቀርጹ ነበር፤ እንደነዚያ ዓይነት ቢሆን ሜዳልያው ራሱ ባለቤቱን ይጠራል። ይህች መስቀል ግን ስም የላትም። ዘመኗን ትናገራለች፣ መንግሥቷን ትናገራለች፤ ማን እጅ ላይ እንዴት እንደወደቀች አትናገርም። ይህን አውቅ ነበር። አራት ሰው ሲያዳምጠኝ ጠፋብኝ።

በማግስቱ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ደግሜ አየሁት። ያኔ ነው ደሜ የቀዘቀዘው። በሽማግሌው ደረት ላይ ያለችው መስቀል ዘውድም ሰይፍም የላትም፤ የሚታየው ኮከብ ነው። ተገልብጣ ነው የተንጠለጠለችው። የያዛትም ባለ ሰማያዊና ነጭ ጥለቷ አይደለም፤ ተራ የጥጥ ክር ነው። ማዕረጉን ቆሞ የተቀበለ ወታደር የንጉሡን ፊደል ወደ ሸሚዙ አዙሮ፣ በክር አንጠልጥሎ ፎቶ ይነሳል? ከፊቴ ተዘርግቶ የነበረውን ነገር ሳላይ ነው በሰው አያት ላይ ያን ቃል ያመጣሁት።

ሰዎቹን አድራሻ አልጠየቅናቸውም። በዓሉ አለፈ። ፎቶውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት፤ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ሽማግሌው ያዩኛል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ እናትየው ብቻቸውን መጡ። ዘልዬ ተነሳሁና ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«አብሽር ልጄ። አንተስ እውነትክን ነው» አሉ። መስቀሏን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። «ዓድዋ የዘመቱት እውነት ነው። መስቀሏ ግን የእኔ ናት።»

የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጣሊያን እጅ ሲወጡ እሳቸው የአሥር ዓመት ልጅ ናቸው፤ ቤታቸው ሐረጎ መንገድ ዳር ነው። የተማረኩት ጣሊያኖች ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ የሰፈሩ ልጆች እንቁላልና ቆሎ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ። አንዱ ምርኮኛ ገንዘብ የለኝም ብሎ በእጁ ምልክት ካሳየ በኋላ ኪሱን ዳብሶ ይህችን መስቀል ሰጣቸውና ስድስት እንቁላል ወሰደ። አንዱን እዚያው ሰብሮ በጥሬው ጠጣው። እናታቸው በብረት እንቁላል ለወጥሽ ብለው ገረፏቸው። እሳቸው ግን መስቀሏን ደበቋት፤ ሲያገቡም በጌጥ ሣጥናቸው ይዘዋት ሄዱ።

አማታቸው የዓድዋው ዘማች አርጅተው እዚያው ቤት ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ፎቶ አንሺ ገበያ ወጥቶ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሊነሱ ሲሰበሰቡ ብዙዎቹ የአርበኝነት ሜዳልያቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረዋል። አማታቸው ምንም የላቸውም። «ዓድዋ ለሄደ ገበሬ ማን ምን ሰጠው?» አሉኝ ሴትዮዋ። «ቅር ሲላቸው አየሁ። ሮጬ መስቀሌን አመጣሁና በክር አሰርኩላቸው። የጣሊያኑ ጽሑፍ እንዳይታይ ኮከቡን ወደ ውጭ አዞርኩት።»

ከዚያ ልጆች ተወለዱ፤ ፎቶውን እያዩ አደጉ። መስቀሏ በፎቶው ላይ አለች፣ አያትየው ዓድዋ ዘምተዋል፤ ሁለቱን ልጆቹ ራሳቸው ገጣጠሟቸው። ባለቤታቸውም ታሪኩን ስለወደዱት እሳቸው ዝም አሉ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበውን ዝምታ ነው እኔ በዚያች ቅጽበት እፍረት ብዬ የተረጎምኩት።

ምን ተደርጎ እንዲሠራላቸው ጠየቅኳቸው። መስቀሏ እንደ ፎቶው ኮከቧ ወደ ውጭ እንዲሆን፣ በነሐስ ሰሌዳው ላይ የአማታቸው ስምና «የዓድዋ ዘማች» የሚል ብቻ እንዲጻፍ፣ ቀን እንዳይጨመር አሉ። ልጃቸው ስለ መስቀሏ እውነቱን ይወቅ አይወቅ አልነገሩኝም፤ እኔም ጠይቄ ልደግም አልደፈርኩም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ከኋላው በካርቶኑ ላይ የነገሩኝን በሁለት መስመር እንድጽፍ። አሰቡና «ስድስት እንቁላል ብለህ ጻፍ፤ እናቴ እስከ ሞቷ አራት ነበር ትል ነበር» አሉ።

አሠሪዬ ቀይ ከፋዩን ራሳቸው ለጠፉ፤ የሥራ ዋጋ አልተቀበሉም። እኔ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጣሊያን የጦር አገልግሎት መስቀል፤ ከ1910 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ሐረጎ መንገድ ላይ በስድስት እንቁላል ተለወጠ። ለዓድዋው ዘማች ያደረገችላቸው ምራታቸው ናት።»

ፍሬሙን ሊወስዱ የመጡት ልጃቸው ነበሩ። ሰላምታዬን በአንገታቸው ተቀበሉ፤ መስታወቱን በኮታቸው እጅጌ ወልወል አድርገው አያታቸውን ለረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያ ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ። ገልብጠው አላዩትም።