የከባድ መኪና ቻርጀር ፖርሽ ላይ ሲሰካ

አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት፤ ጋራዦቿ ውስጥ ያለው ባትሪ ቻርጀርም ባብዛኛው ለተሳቢና ለኤፍኤስአር የጭነት መኪና ተብሎ የተገዛ ነው። ጎማ ያለው፣ ለብቻ የማይነሳ፣ 12 እና 24 ቮልት የሚቀያየርበት፣ አምፔሩን በማዞሪያ የሚጨምሩት ዓይነት። ለ200 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ሁነኛ ዕቃ ነው። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ግን ይኸው ዕቃ የአንድ ፖርሽ 911 ባትሪ በአንድ ሌሊት ጨረሰ። እሳት አለመነሳቱ ዕድል ነው።

መኪናዋ 997 የሚባለው ሞዴል ናት፤ ባለቤቷ ውጭ አገር ከርሞ ስለነበር ለወራት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። የስፖርት መኪናን ባትሪ የሚገድለው መቆሙ ነው። ተቆልፎም አላርሙ፣ የሪሞቱ መቀበያና ኮምፒውተሮቹ ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር ይበላሉ። 50 ከሆነ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት፣ በወር 36 ነው። የ80 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በአንድ ወር ግማሽ ሊጎድል ምንም አይቀረውም፤ በሁለት ወር ባዶ ነው። ባዶውን በቆየ ቁጥር ደግሞ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገርበታል።

የ911 ባትሪ ያለው ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ኮፈኑ የሚከፈተው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ከሞተ ኮፈኑም አይከፈትም። በሩ በቁልፍ ይከፈታል፤ ግን የበሩ መስታወት ፍሬም ስለሌለው፣ በር ሲከፈት ትንሽ ዝቅ ማለት የነበረበት መስታወት ባትሪ ሲሞት ባለበት ይቀራል። በሩን በኃይል የሳበ ሰው ላስቲኩን ወይም መስታወቱን ይጎዳል። ከዚያ ሾፌሩ እግር ጎን ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ተስቦ የሚወጣ የፕላስ ተርሚናል አለ። የትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ፕላስ እዚያ ላይ፣ ማይነሱ የበሩ መቆለፊያ በሚገባበት ብረት ላይ ይያዛል፤ ኮፈኑም ይከፈታል። መኪናው ተቆልፎ ከነበረ አላርሙ ይጮኻል፣ በሪሞቱ ዝም ይላል። ይህ ተርሚናል ኮፈን ለመክፈት ብቻ ነው፤ ሞተር ማስነሳት በእሱ አይሞከርም።

እስከዚህ ድረስ ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን አንድም ነገር አላበላሸም። ቴስተሩ 9.6 ቮልት አሳየው። ባትሪው ላይ «12 ቮልት፣ 80 አምፔር-ሰዓት፣ ኤጂኤም» የሚል ተለጥፏል፤ አንብቦታል፣ ግን «ኤጂኤም» የሚለውን የፋብሪካው ስም አድርጎ ነው የወሰደው፤ የባትሪ ዓይነት ነው፣ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ የተያዘበት። ቮልቱን 12 ላይ አደረገ። የአምፔር ማዞሪያው ግን ቀን ለተሳቢ ባትሪ እንደተደረገ «ቡስት» በሚለው ከፍተኛው ልክ ላይ ነበር፤ እሱን አላየም። ኮፈኑን ገርበብ፣ የቆርቆሮውን በር ጥርቅም አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ፊት ይመታል። ልጁ ቀዩን መቆንጠጫ ሊነቅል እጁን ሲሰድ አንጋፋው መካኒክ ከደጅ ጮኹ።

«እጅህን መልስ!»

«ጋሼ፣ ባትሪው እየፈላ ነው እኮ!»

«ስለፈላ ነዋ! ውጣና ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አውርድ። ሶኬቱንም እንዳትነካ።»

ሊነቅለው የነበረው መቆንጠጫ ላይ ገና ከፍተኛ ኃይል እየሄደ ነው፤ ሲነሳ ብልጭ ይላል። ከመጠን በላይ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጂን ደግሞ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከሞላ ለመፈንዳት ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። ሃይድሮጂን ሽታ የለውም፤ ያ የእንቁላል ሽታ የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ እሱም መርዝ ነው፣ ባትሪው ከሚገባው በላይ መጋሉንም የሚናገር ነው። ሶኬት ሲነቀልም ብልጭታ ስላለ ኃይሉን ከውጭ መቁረጥ ትክክል ነበር። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ፤ ማራገቢያ አልተከፈተም፣ የማራገቢያ ሞተርም ብልጭታ አለው።

ባትሪው ጎኖቹ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋፍተው ነበር። እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ፣ በጓንትና በመነጽር፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ማይነሱ ተፈታ። ፕላሱ ቢቀድም ኖሮ ቁልፉ ቦዲ በነካ ቅጽበት ሾርት ይፈጠር ነበር። የፈሰሰ አሲድ ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ማፍሰስ ነው፤ ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

የሆነው ይህ ነው። የድሮው ትራንስፎርመር ቻርጀር ራሱን አይቆጣጠርም። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ቮልቱ አብሮ ይወጣል፣ ከ16 በላይ ይደርሳል፣ የሚያቆመው ሰው ብቻ ነው። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ቢሆን ይፈላል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ይጨመርለታል። ኤጂኤም ግን የታሸገ ነው፤ በማስተንፈሻው የወጣ ጋዝ አይመለስም። ሲግል የበለጠ ኃይል ይቀበላል፣ የበለጠ ኃይል የበለጠ ያግለዋል።

ስለዚህ ቻርጀር የሚመረጠው ከባትሪው ላይ በሚነበበው ነው። መጀመሪያ ዓይነቱ፦ ለተለመደው ውሃ ያለው ባትሪ ወደ 14.4 ቮልት፣ ለኤጂኤም ከ14.4 እስከ 14.8፣ አሲዱ እንደ ጄሊ ለረጋበት ለጄል ግን ዝቅ ይላል። ሲቴክ ኤምኤክስኤስ 5.0 የሚባለውን ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ብንወስድ መደበኛው 14.4፣ የኤጂኤሙ 14.7 ነው፤ 15.8 የሚደርስ የማደሻ ፕሮግራምም አለው። ይህ የመጨረሻው ለኤጂኤም ከመጠን ያለፈ ስለሆነ አንነካውም። የአዳማ ሙቀትም መቆጠር አለበት፦ ከ25 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የቻርጁ ቮልት በግምት 0.02 መቀነስ ይገባዋል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ 35 ዲግሪ ከሆነ 14.7 የነበረው 14.5 ነው። ሙቀት የሚለካ ቻርጀር ካልተገኘ ሥራውን ለማታ ማድረግ ይሻላል።

ቀጥሎ አምፔሩ። ከባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ጥሩ ልክ ነው፤ ለ80 አምፔር-ሰዓት 8 አምፔር። በ5 አምፔርም ይሞላል፣ ግን አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቆሞ ለሚከርም መኪና ማቆያ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። በእኛ እይታ ለስፖርት መኪና ባለቤት ትልቅ ቻርጀር የገንዘብ ብክነት ነው፤ ሲሞላ ራሱ ወደ 13.6 አካባቢ የሚወርድ ትንሽ ዕቃ ይበልጠዋል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚወድቁበት ነው፦ አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ቻርጀር። ጀርባው ላይ «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈ የእኛ 220 ወዲያው ያቃጥለዋል፤ «100–240» መባል አለበት። መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ከመግዛት በፊት ሻጩ ፊት ባትሪ ላይ አስይዞ፣ ኤጂኤም መርጦ፣ ከሶኬት ነቅሎ ከደቂቃ በኋላ መልሶ መሰካት። ራሱ ወደ ኤጂኤም ካልተመለሰ ለዚህ ከተማ አይሆንም።

ሊቲየምም አለ። ፖርሽ ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ለ911 ጂቲ3፣ ለጂቲ3 አርኤስና ለቦክስተር ስፓይደር በተጨማሪ ክፍያ የሊቲየም ማስነሻ ባትሪ አቅርቧል፤ ከ6 ኪሎ በታች የሚመዝን፣ ከ60 አምፔር-ሰዓቱ የተለመደ የእርሳስ (ሊድ) ባትሪ ከ10 ኪሎ በላይ የሚቀል። ሊቲየም ላይ «ለሊቲየም» ያልተባለ ቻርጀር፣ በተለይ ሰልፌት ማራገፊያ ያለው፣ አይሰካም።

አሰካኩ፦ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቀዩ ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ላይ፤ ሶኬት በመጨረሻ። ሲነቀል ሶኬት ይቀድማል፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ። ማይነሱ ላይ የባትሪ ሴንሰር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ጥቁሩ ቦዲ ላይ መያዙ ሌላም ጥቅም አለው፦ የገባው ኃይል በሴንሰሩ ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ ይቆጥረዋል። ቻርጀሩ መሬት ላይ እንጂ ባትሪው ላይም ሸራው ሥርም አይቀመጥም። ከሞላ በኋላ 12 ሰዓት አሳርፎ መለካት ነው፤ ጤነኛ ኤጂኤም 12.8 ገደማ ያሳያል። ሞልቶ አርፎም 10.5 አካባቢ ከቆመ በውስጡ ካሉት ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ ሞቷል ማለት ነው፤ መድከም አያስፈልግም።

ፖርሿ አዲስ ኤጂኤም ገባላት፤ ፕላስ መጀመሪያ፣ ማይነስ መጨረሻ ታሰረ። የመስታወቶቹ ማብሪያዎች መስታወቶቹ እስከ ላይ እስኪዘጉ ተስበው ተይዘው፣ መስታወቶቹ ቦታቸውን እንደገና ተማሩ፤ የማረጋጊያ ሥርዓቱ መብራት መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ ዞሮ ትንሽ ከተነዳች በኋላ ጠፋ። አሮጌው ባትሪ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ታየ፦ ጋዙን ወደ ውጭ የምታወጣው ቀጭን ቱቦ ከባትሪው ጎን ተነቅላ ተንጠልጥላ ነበር። ከዚህ በፊት ባትሪ የቀየረው ሰው መልሶ ሳይሰካት ቀርቷል፤ ጋዙ የሚወጣው እዚያው ኮፈኑ ሥር ነበር ማለት ነው። ቱቦዋ በአዲሱ ባትሪ ቀዳዳ ላይ ተሰካች፤ በሌላው ጎን ያለው ቀዳዳ በራሱ ክዳን ተደፈነ።