ከብራናው ቤት እስከ ታቴቭ፦ የአርሜኒያ ጉዞ ማስታወሻ

የአርሜኒያ ዋና ከተማ የየሬቫን ሕንጻዎች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ቱፍ ይሉታል፤ ቀለሙ ከፈዛዛ ሮዝ እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል፤ የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ከተማዋ በሙሉ የቀላች ትመስላለች። ሰማዩ ጥርት ካለ በስተደቡብ በኩል በረዶ የለበሰው አራራት ይታያል። እኛ ከኖኅ መርከብ ጋር የምናውቀው ይህ ተራራ ዛሬ ያለው በቱርክ ግዛት ሲሆን አርመኖች ግን በመንግሥታቸው ዓርማ ላይ ቀርጸውታል። መሐል ከተማው በካፌና በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ተሞልቷል፤ የከተማዋ ዕድሜ ደግሞ የሚቆጠረው ንጉሥ አርጊሽቲ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ782 የኤሬቡኒን ምሽግ ካሠራበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ይህን አገር ለማየት ያነሣሣኝ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሆነው አገራችንን አገልግለዋል። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። አርመን ሰፈር የሚባለውን ስም እየሰማን ላደግን ሰዎች አርሜኒያ ባዕድ አገር አትሆንም።

መጀመሪያ የሄድኩት ማቴናዳራን ወደሚባለው የብራና መጻሕፍት ቤት ነው። በትልቁ ጎዳና መጨረሻ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ በጥቁር ግራጫ ድንጋይ ተገንብቷል። ከፊቱ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ የአርመንን ፊደል የቀረጸው የመስሮፕ ማሽቶትስ ሐውልት ተቀምጧል፤ ደቀ መዝሙሩ ኮርዩን በአጠገቡ ተንበርክኳል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ፊደላት ከሩቅ ሳያቸው የእኛዎቹ መስለውኝ ልቤ ደነገጠ። ይህ ፊደል ዛሬ በእያንዳንዱ ልጅ ስልክ ላይ ይጻፋል፤ የአውቶቡሱም፣ የባንኩም፣ የመድኃኒት ቤቱም ጽሑፍ በእሱ ነው። ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በራሷ ፊደል ዘመናዊ ኑሮን ትኖራለች።

ውስጥ ከ20,000 በላይ ጥራዞችና ቅጠሎች ተጠብቀዋል። በሌሎች ቋንቋዎች ከተጻፉት መካከል በግዕዝ የተጻፉ ብራናዎችም አሉ። እኔ የቆምኩት ግን ከመስተዋት ጀርባ ባለው፣ የሙሽ ድርሳን በተባለው መጽሐፍ ዘንድ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የተጻፈ ሲሆን 28 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመናውያን ላይ የዘር ማጥፋት ሲፈጸም ሁለት ሴቶች በፈረሰ ገዳም ውስጥ አገኙት ይባላል። ለአንድ ሰው ስለከበደ ለሁለት ከፈሉት። አንደኛዋ ድርሻዋን ተሸክማ የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ወደሆነው ኤጭሚያዚን ደረሰች፤ ሌላዋ መንገድ ላይ ሞተች፤ እሷ የቀበረችው ግማሽ ከጊዜ በኋላ ተገኝቶ ከመጀመሪያው ጋር ተገናኘ። ርሃብና ሞት እያሳደዳቸው ከምግብና ከልብስ ይልቅ የብራና ጥራዝ የተሸከሙ ሰዎች! በዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አልደበቅሁትም። ከዚህ ግዙፍ መጽሐፍ አጠገብ 19 ግራም ብቻ የሚመዝን የቀን መቁጠሪያ ተቀምጧል።

በሌላ ሣጥን ውስጥ ቀለማቱን አየሁ። የሥዕሎቹ ቀይ የሚወጣው በአራራት ሜዳ ጨዋማ መሬት ላይ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ነው። የደረቁት ነፍሳት በጥቃቅን ዕቃ ተቀምጠዋል፤ ጠጋ ብሎ ላያቸው እንደ ቃሪያ ፍሬ ያንሳሉ፤ ከእነሱ የተገኘው ቀይ ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሳይደበዝዝ ቆይቷል። የደብተራዎቻችንን የቀለም ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ብዙ ጥያቄ ይነሣበታል።

ከየሬቫን ብዙም ሳይርቅ ጌጋርድ አለ፤ በገደል ውስጥ በከፊል ከዐለት የተፈለፈለ ገዳም። የተፈለፈለው ክፍል ምሰሶውም፣ ጉልላቱም፣ ቅርጹም ከቋጥኙ የወጣ ነው። በአንደኛው ቤተ መቅደስ ውስጥ ምንጭ ይፈልቃል፤ ሰው ከጠበሉ በጠርሙስ ይቀዳል። አብዛኛው ሥራ የተፈጸመው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ዘመኑም ጥበቡም ዘመድ ሆኖ ይታየዋል። ከላይኛው ክፍል የገቡ አምስት ሴቶች ሲዘምሩ ድምፁ ከግድግዳው እየተመለሰ ከፍ አለና ጎብኚው ሁሉ ዝም አለ። ከበሩ ውጪ ደግሞ ሴቶች ፊደል የተጻፈበት ክብ ዳቦ ይሸጣሉ። መንገድ ዳር ባለ ቤት ላቫሽ የሚሉት ስስ ቂጣ ሲጋገር ቆሜ አየሁ፦ ጋጋሪዋ ሊጡን በትራስ ላይ ዘርግታ ጎንበስ ትልና መሬት ውስጥ ከተቀበረው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ በብረት ሜንጦ ታወጣዋለች። እንደ እንጀራችን ሳስቶ ሰፍቶ ወጣ።

ሁሉም ግን ያማረ አይደለም። በየሬቫን መሐል ሰሜናዊ ጎዳና የሚሉት አዲስ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከፍቷል። ሱቆቹ ውድ ናቸው፣ ሰውም ይወደዋል። እሱን ለመክፈት ግን ያረጁ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ተነሥተዋል። የአንዳንዶቹ ፊት ለፊት ድንጋይ በቁጥር ተለይቶ ተቀምጧል፤ በአንድ ስፍራ መልሶ ለመትከል ዕቅድ ወጥቷል። የሙሽን መጽሐፍ የከፈሉት ሴቶች ለማዳን ብለው ነው፤ ይህን ሰፈር የከፈለው የመሬት ዋጋ ነው፤ ልዩነቱ ያናድዳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ቁጥር የተጻፈባቸውን ድንጋዮች ሲያስብ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የመጨረሻው ጉዞዬ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታቴቭ ነበር። ገዳሙ ከቮሮታን ሸለቆ ባሻገር በገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎድቶታል። ዛሬ ወደዚያ የሚያደርሰው እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ የገመድ መጓጓዣ ነው፤ ርዝመቱ 5,752 ሜትር ሲሆን ያለ ማቋረጥ በአንድ ጉዞ ያሻግራል። ወደ ታች ስመለከት ጥንታዊው የድንጋይ ድልድይና የወደመ ሌላ ገዳም ታዩኝ። የመጓጓዣው ገቢ ለገዳሙ እድሳት ይውላል፤ ለመንደሩም ሥራና እንግዳ አምጥቷል። ቲኬት የምትቆርጠው ወጣት እዚያው መንደር ተወልዳ ያደገች ናት። ጓደኞቿ ወደ የሬቫንና ወደ ሩሲያ እንደ ሄዱ፣ እሷ ግን ሥራ ስላገኘች እንደ ቀረች ነገረችኝ። የገበያውን ጩኸት ከጸሎት ቤቱ ማራቃቸውንም ወደድኩላቸው፦ ጣቢያው ከገዳሙ ትንሽ ርቆ ነው የቆመው፤ የቀረውን መንገድ በእግር ትሄዳለህ።

የጣናንና የጉንዳ ጉንዶን ገዳማት ብራናዎች የሚጠብቁ አባቶች እንዲህ ያለ ቋሚ ገቢ ቢኖራቸው፣ የመጻሕፍት ቤቱ ጣሪያ ለዝናብ ባልተጋለጠ ነበር። ይህንን ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ።