ላፕቶፔ ብራዚል የደረሰበት ሳምንት

ጥፋቱ የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ኮምፒውተር ተምሯል። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ላፕቶፔ ደግሞ በዕድሜ ከእድሩ ድንኳን ብዙም አያንስም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ሲያበቃ ወደ 11 ላሳድገው ሞከርኩ። የሆነ የደህንነት ቺፕ ስለሌለው አይሆንም አለኝ። እና ለአንዲት ቺፕ ብዬ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ?

«በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሊኑክስ የሚባል አለ፤ እሱን ጫንበት። ነጻ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ነጻ» ካለ በኋላ የተናገረውን አላስታውስም። ዋናው ነገር ግን እዚያ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ሰጠኝ። ቁጥሩ ምንድን ነው ብለው፣ የወጣበት ዓመትና ወር ነው አለኝ። 2024፣ አራተኛው ወር። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን 16.08 ይባል ነበር ማለት ነው። ይሄ ነገር ከቀንና ከሰዓት ጋር ጣጣ እንዳለው ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን ጫንኩት። ማጥፋትማ አልችልም። የእድሩ መዝገብ የተጻፈው ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበረ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ሊኑክሱ ላይ ስከፍተው የአባላቱ ስም በሙሉ የፈረንጅ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅራቅንቦ ሆኖ ቁጭ አለ። የእድራችን ዳኛ ስም ውስጥ የዶላር ምልክት አለበት። ሰውየው ቢያዩት ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

መጫኑ በሰላም አለቀ። ዋይፋይ ግን የለም። ዋይፋዩን የሚያሠራው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ይጎድለዋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ገጭ አድርጎ እንደመውጣት በሉት።

የአክስቴ ልጅ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፤ ስልኩ አይነሳም። በስልኬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። የስክሪኑን ፎቶ አንስቼ «ወንድሞቼ፣ ዋይፋይ እምቢ አለኝ» ብዬ ለጠፍኩ።

መጀመሪያ የመጣው መልስ «ጀበናው ያምራል» የሚል ነው። ለካ የእማዬ ጀበና ከላፕቶፑ ጀርባ ፎቶው ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው «ፎቶ ሳይሆን ስክሪንሾት ላክ» አለ። በምን ኢንተርኔት? ሦስተኛው አንድ መስመር ትዕዛዝ ላከልኝ። ትዕዛዙ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። አራተኛው «ኡቡንቱን ተውና አርች የሚባለውን ሊኑክስ ጫን፤ እኔ አርች ነው የምጠቀመው» አለ። ማንም አልጠየቀውም። አምስተኛው ከአራተኛው ጋር ተጣላ። እስከ እኩለ ሌሊት ሲሞላለጩ አመሹ፤ የእኔ ዋይፋይ አንዴም ስሙ አልተነሳም። ኡቡንቱ በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብዓዊነት ማለት ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደማለት። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ሰው የሆነው ጀበናው ነበር።

ሌሊት ላይ አንድ ዝምተኛ ሰው በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ስልክህን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝ። ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብራ።» ይኸው ነው። ሰላምታም ስድብም የለውም። አገናኘሁት፤ የስልኬ ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ ገባ። ሠራ! የሳምንት ፓኬጄን በአንድ አፕዴት ጥርግ አድርጎ በላው እንጂ ሠራ።

የፓስወርዱን ነገር ደግሞ ስነግራችሁ አትሳቁ። ድራይቨሩን ለመጫን ትዕዛዝ የሚጻፍበትን፣ ተርሚናል የሚሉትን መስኮት ከፈትኩ። ሁሉም ሰው ጥቁሩ መስኮት ይለዋል፤ የእኔ ወይን ጠጅ ነው። ሱዶ የሚል ትዕዛዝ ሰጠሁት፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ብጽፍ ብጽፍ ምንም አይታይም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ። ጠቋሚዋ አንዲት ጋት ፈቀቅ አትልም። ኪቦርዱ ሞተ አልኩ። ቀስ ብዬ አንድ አንድ ፊደል ጫንኩ። በኃይል ጫንኩ። ገልብጬ አራገፍኩት፤ የዳቦ ፍርፋሪና አንድ የስቴፕለር ሽቦ ወጣ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ኪቦርድ ተውሼ መጣሁ። እሱም አይጽፍም። ያኔ ተስፋ ቆርጬ ፓስወርዴን በንዴት ጻፍኩና ኢንተርን ረገጥኩት። ተከፈተ። ለካ ሆን ብሎ ነው የሚደብቀው፤ ከኋላ የቆመ ሰው የፊደሉን ብዛት እንኳ እንዳይቆጥር። ከኋላዬ የቆመችው እማዬ ናት። ኪቦርዱን ስመልስ ጎረቤቴ «ተሠራልህ?» አለኝ። «አዎ፣ ትንሽ አቧራ ነበር» አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

እሑድ እድር አለን። ከቀኑ 9 ሰዓት። ቅዳሜ ሌሊቱን በሊኑክሱ ስፈተፍት አነጋሁ። እሑድ የክፍያ ዝርዝሩን ላስተካክል ብዬ ዊንዶውሱን ከፈትኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። እማዬ ብቅ አለች።

«ምሳ ቀርቧል።»

የላፕቶፑን ጥግ አየሁ። 10:05 ይላል። በእኛ 4 ሰዓት።

«እማዬ፣ ገና 4 ሰዓት ነው። የምን ምሳ ነው?»

አይታኝ ሄደች። ቆይታ ደግሞ መጣች። «ቡናው በረካ ደርሷል። አቦሉም ቶናውም አመለጠህ።» እሑድ ስለሆነ በጠዋት አፍልታ ይሆናል አልኩ። ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት መግባት ጀመረች። የጎረቤት ዶሮዎች ወደ ቆጣቸው ያዘግማሉ። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ላፕቶፑን አመንኩ። ላፕቶፑ 2:45 ሲል፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ45 ሲሆን፣ ሰዓት አክባሪ ጸሐፊ ነኝ ብዬ መዝገቡን በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ።

እድር ቤቱ ስደርስ ልጆች አግዳሚ ወንበር ይደራርባሉ። ዳኛው በር ላይ ቆመው ቁልፍ ያንቀጫቅጫሉ።

«ጸሐፊያችን! እንኳን ደህና መጡ» አሉኝ። አንቱ ብለውኝ አያውቁም። ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሰዓቱ ለካ 11 ሰዓት ከ45 ሆኗል። ስብሰባው የለሁበትም፣ ስም መጥሪያው ደግሞ በእኔ ብብት ነው። ማን መጣ ማን ቀረ ሳይታወቅ ተበትነዋል። አንድም ቀሪ ሊመዘገብ አልቻለም፤ ከእኔ በስተቀር። «ቀሪ 100 ብር ነው። ይጻፉት» አሉኝ። በገዛ እጄ ስሜን ጻፍኩ። ደረሰኙንም ለራሴ ቆረጥኩ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን አሳስቶኝ ነው» ብላቸው፣ «እናንተ ግቢ ፀሐይ የለም?» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ቴሌግራሙ አልተመለስኩም። የውጭዎቹ ይሻላሉ ብዬ በስልኬ የእንግሊዝኛ መድረክ ገባሁ። ልክ 3 ሰዓት ነው። ዊንዶውሱ 6:00 ይላል። እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩ፦ «ሊኑክስ ከጫንኩ ወዲህ ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱ ተዛባ። አሁን ሰዓቱ 3 ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን 6 ይላል።» ግልጽ አይደል? ለእኔ ግልጽ ነበር።

በደቂቃ ውስጥ የፔንግዊን ፎቶ ያለው ሰው መለሰልኝ። ፔንግዊኗ የሊኑክስ አርማ ናት። ይህን ሁሉ ያመጣው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ፣ በፈረንጆቹ 1991 ሥራውን ለዓለም ሲያስታውቅ እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ ነበር። የእሱ ጊዜ ማሳለፊያ የእኔን እሑድ በላው።

«ሰዓትህ በ3 ሰዓት ቀድሟል» አለኝ ባለ ፔንግዊኑ። «የሰዓት ቀጠናህን በ3 ወደ ኋላ መልስ። ሰዓቱን በራሱ የሚያስተካክለውን፣ አውቶማቲክ የሚለውንም በሁለቱም ላይ አጥፋ።» ቀጠናዬን ፈለግኩ። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል የለም፤ እኛ የምንገባው ናይሮቢ በሚለው ነው። ከናይሮቢ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሄጄ ዜሮ የሚለው ላይ አቆምኩት።

ሰዓቱ ከ6 ተነስቶ 3 አለ።

ልክ! 3 ሰዓት ነው፣ 3 ይላል። እማዬን ጠራኋት። አየችውና የግድግዳውን ሰዓት አየች። የእኛ ግድግዳ ሰዓት ሁሌም በአበሻ ነው የሚሞላው። ሁለቱም 3። «አሁን ገና ሰው ሆነ» አለች። ለባለ ፔንግዊኑ ረጅም ምስጋናና ምርቃት ጻፍኩለት። «ተፈቷል» የሚለውንም ነካሁ።

ማታ ሊኑክሱን ስከፍት ግን ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ሰዓቱ ከእውነተኛው 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። አፕዴት አድርግ ብለው፣ ፋይሉ ገና ሰዓቱ አልደረሰም፣ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይቀረዋል አለኝ። ከነገ የመጣ ፋይል! «ተፈቷል» ያልኩትን ሰርዤ እያፈርኩ ተመለስኩ።

አሁን የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ እውቀቱ የሚያስፈራ። ነገሩን ከሥር ጀምሮ አስረዳኝ። ማዘርቦርዱ ላይ በትንሽ ባትሪ የምትሠራ አንዲት ሰዓት አለች። ሊኑክስ እሷን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላትና ሲያሳይህ ብቻ የሀገርህን ልዩነት ይደምራል። ዊንዶውስ ደግሞ ያቺኑ ሰዓት የሀገርህ ሰዓት ናት ብሎ እንዳለች ያነባታል። አንዲት ሰዓት፣ ሁለት ባለቤት። «ስለዚህ» አለ፣ «ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ያለ ሰው ዊንዶውሱ ወደ ኋላ ይቀርበታል። በስተምዕራብ ያለ ደግሞ ይቀድምበታል። ያንተ በ3 ቀድሟል ብለሃል። ስለዚህ አንተ ያለኸው ብራዚል ነው።»

«አይ፣ አዲስ አበባ ነኝ» አልኩት።

ዝም አለ። «እየጻፈ ነው» ይላል። ይጠፋል። እንደገና «እየጻፈ ነው» ይላል። ሦስተኛ ሰው ገባና «ይህ ሊሆን አይችልም» አለ። አራተኛው ማዘርቦርዱ ሳይበላሽ አይቀርም፣ ባትሪውን ቀይር አለኝ። ባለ ፔንግዊኑ ተመልሶ መጣ። «እስኪ አንድ ጊዜ» አለኝ፣ «ስትጽፍልኝ ፀሐይ ወጥታ ነበር?»

«አዎ፣ ከወጣች 3 ሰዓት ሆኗታል።»

«ፀሐይ እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የምትወጣው?»

«አይ፣ 12 ሰዓት ላይ ነው።»

ከዚህ በኋላ ለ20 ደቂቃ ማንም አልጻፈም። አንዱ ስለ ጤንነቴ የጠየቀኝ በዚህ መሀል ነው።

በዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሀል ድንገት አንድ የግዕዝ ፊደል መስመር ብቅ አለ። ከየት ሀገር እንደሆነ እንጃ፤ ሐበሻ ነው። «ወንድሜ፣ በፈረንጅ ሰዓት ንገራቸው እንጂ!»

ክው አልኩ። 3 ሰዓት ያልኩት የእነሱ 9 ነው። 6 ያለው ላፕቶፕ በ3 የቀደመ ሳይሆን በ3 የቀረ ነበር። ሰዎቹን ቀኑን ሙሉ በተገላቢጦሽ ሳስሮጣቸው ውያለሁ። ልጁ ለፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ አብራራላቸው፤ እዚያ ሀገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው፣ የእናንተ 7 የእነሱ 1 ነው አላቸው። ባለ ፔንግዊኑ «እና ይሄ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዴት ነው ስብሰባ የሚደርሰው?» አለ። የ100 ብሩን ደረሰኝ ፎቶ ልልክለት ነበር፣ ተውኩት።

ከዚያ ልጁ ለእኔ አንድ መስመር ትዕዛዝ ላከልኝ። ታይምዴት ምናምን ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ 1 አለው። ሊኑክሱ ያቺን ሰዓት እንደ ዊንዶውሱ በሀገር ሰዓት እንዲያያት የሚያደርግ ነው። ወደ ናይሮቢ ተመለስኩ። አውቶማቲክ የሚለውን አበራሁ። ትዕዛዙን ሰጠሁት፤ ፓስወርዴንም ሳላይ ጻፍኩ፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ሊኑክሱ ይህ አሠራር ብዙም አይመከርም የሚል ማስጠንቀቂያ አሳየኝና ታዘዘ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ሊኑክሱም ዊንዶውሱም አንድ ዓይነት ሰዓት አሳዩ።

በማግሥቱ ጠዋት እማዬ አቦሉን ይዛልኝ መጣች። 3 ሰዓት ነው። ስኒውን ከላፕቶፑ አጠገብ ስታስቀምጥ ጥጉን አየችው።

«ምነው 9 ይላል?»

«ተስተካክሎ ነዋ፣ እማዬ።»

«ትናንት አልነበር እንዴ የተስተካከለው? ልክ 3 ይል ነበር እኮ» አለች። «ነካክተህ ነካክተህ አበላሸኸው።»