ሐረጎን ያልወጣ መኪና አልገዛም

ኮፈኑ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ሞቋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ የደሴ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፣ የሰውዬው ፕራዶ ግን እንደ እንጀራ ምጣድ ይፋጃል። ማታ በስልክ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እስክመጣ እንዳታስነሱት።»

«ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ነው» አለ። አባባ ዝም ብለው ፈገግ አሉ።

አባባ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ወርደው ጭነው ይመለሱ ነበር። ናፍታ ሞተር የሚናዘዘው ጠዋት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ናፍታ እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይነሳም፤ የሚነደው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው። ፒስተኑ ከደከመ ወይም በብርድ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ካንዴሌታ ከሞተ በብርድ ይታወቅበታል፤ ይንጠራራል፣ ይንተፋተፋል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ያ ሁሉ ይደበቃል። ስለዚህ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ሲገጥመኝ ቢያንስ አንድ ነገር ደብቋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ለምን ፎር ዊል እንደፈለግን ልንገራችሁ። ሦስት ልጆች አሉን። የባለቤቴ እናት ከኩታበር ከተማ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ክረምት ላይ ያ መንገድ ዋልካ ነው። አንድ ሐምሌ ኮሮላችን እዚያ ጭቃ ውስጥ ተቀበረና ከእርሻ ላይ በሬ ፈትተው ጎትተው አወጡን። አማቴ ይህን ታሪክ ቡና በፈላ ቁጥር ያወሩታል። እንግዳ ካለማ በሬዎቹን በስም እየጠሩ ነው።

«ኤሌክትሪክ ግዙ» ያሉን አሉ። ለከተማ እኔም አልጠላም። ግን ለዋልካው አይሆነኝም። ከጥር 2016 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ያገለገለ ናፍታ ያለው ሰው ሁሉ ወርቅ እንደያዘ ነው የሚያወራው። ዋጋውን አልጽፍም። ባለቤቴ እስካሁን ሲያስበው ያመዋል።

ወደ ፕራዶው ልመለስ። ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ ሞተር፣ አሮጌው ዘጠናው ሞዴል ነው። ውስጡ ንጹሕ፣ ወንበሩ ምቹ፣ ባለቤቴ ገና ሲያየው ልቡ ሄዷል። እኔ ግን ከመጀመሪያው አንድ ቃል ይዣለሁ፤ ሐረጎን ሳይወጣ ገንዘብ አይወጣም። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በዚያች መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ያውም በመጠምዘዣ። ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ ቤተሰቡን ጫንን፣ አንድ ኩንታል ጤፍም ጨመርን፤ ከዚያ ዳገቱን ያዝነው። ሐረጎ መሐል ስንደርስ የሙቀት መርፌው መነሳት ጀመረ። ሻጩ «ጌጁ ነው የተበላሸው» አለ። ይሁንለት። ግን የዚያ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ራስ፣ አሉሚኒየም ነው፤ ከልክ በላይ አንዴ ከሞቀ የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። በማግስቱ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ስንከፍት ውሃው እንደ ደፈረሰ ሻይ ቡናማ ነበር። ባለቤቴ አኮረፈ። እኔ ተሰናበትኩ።

ሁለተኛ ያየነውን ኒሳን ፓትሮል በአጭሩ ልለፈው። ሰማያዊ ጭስ ነበረው። ሰማያዊ ማለት ዘይት እየነደደ ነው።

ሦስተኛው ኮምቦልቻ የቆመ ሰማንያው ላንድክሩዘር ነው። ደላላው ከእኔ ጋር እያወራ ዓይኑ ባለቤቴ ላይ ነው። ስለ ሞተሩ ጠይቄው መልሱን ለባለቤቴ ይነግረዋል። ኋላ ደግሞ «ፎር ዊሉን ላሳያችሁ» ብሎ አስፋልት ላይ አስገባና መሪውን ሲያዞር መኪናው አቃሰተ። አባባ «ኧረ ተው!» ብለው ጮኹ። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና የፊትና የኋላ እግር ሲያያዝ እኩል ነው የሚዞረው። መታጠፊያ ላይ ግን የፊቱ ከኋላው የበለጠ መንገድ አለበት፤ አስፋልት ደግሞ ጎማው እንዲንሸራተት አይፈቅድም። ፎር ዊል የሚፈተነው ጠጠር ወይ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ገራዶ ወስደን ወንዝ ዳር ሞከርነው።

ከዚያ በፊት ግን ሐረጎ ነበር። ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ነው። ይዘገያል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሩብ ለመሆን ትንሽ የቀረው ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን ሁሉ ከጉልበቱ ያጣዋል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ሊቀድመን ምንም አልቀረውም። ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ ወርደን እንግፋ?» አለ። ትንሿ እንደ ልማዷ ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ አስመለሰች፤ ስለዚህ የመቀመጫው ጨርቅም ተፈተነ። መርፌው ግን ከመሐል ንቅንቅ አላለም።

ላይ ደርሰን ሞተሩ እየሠራ አባባ የዘይቱን ክዳን ከፍተው መዳፋቸውን አስጠጉበት። እዚያ ጋ እንደ ሲጋራ ጭሱ ቱፍ ቱፍ ካለ ሲሊንደሩ ተበልቷል ማለት ነው። ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ምን ይላሉ?»

«አብሽሪ ልጄ። ልቡ ደህና ነው። እግሩን እንየው።»

ከፊት ለፊቱ ቀኝ ጎማ ኋላ ተንበርክከው ጎማው ከሚታጠፍበት ኳስ ላይ በጣታቸው ጠረጉና አሸተቱ። ግሪስ መሆን ሲገባው ቀጥኖ ይንጠባጠባል። የውስጡ የላስቲክ ማኅተም አልቆ የዲፍረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። መሪውን እስከ ጥግ አዙረን ቀስ ብለን ስንነዳው የሚያንኳኳ ነገር አልሰማንም፤ ጥሩ ነው፣ ማለት መጋጠሚያው ገና አልተበላም። ያቺ የሚንጠባጠብ ዘይት ከዋጋው ጥሩ ጥሩ ቀነሰችልን። ደላላው ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያ እኔን ያየኝ።

ወረቀቱን ሳልረሳ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራሴ በባትሪ እያበራሁ ከብረቱ ጋር አመሳከርኩ። በ2014ቱ ጦርነት ከዚህ አካባቢ ብዙ መኪና ጠፍቷልና የማንን ንብረት እንደምገዛ ሳላውቅ አልፈርምም። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነም ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ስም ማዞሩ መከራ ነው።

ከገዛን በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው ታይሚንግ ቺንጋውን፣ ማለትም የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን ቀበቶ፣ መቀየር ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል ይባላል፣ ሻጩ ግን መቼ እንደተቀየረ አያስታውስም። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫል፤ «አላስታውስም» የሚለውን መልስ «አልተቀየረም» ብሎ መስማት ነው። ከዚያ የፊቱን እግር ፈትቶ ማኅተሙን መቀየር።

ነዳጅ ይጠጣል፣ አልዋሽም። በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሰጠኝ። ባለቤቴ ማደያ ሰልፍ ላይ በቆመ ቁጥር ያንን ፕራዶ ያነሳል።

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ገና ሳያባራ ወደ አማቴ ሄድን። ያች የተቀበርንባት ቦታ ስንደርስ ፎር ሎው አስገባሁና በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ጭቃውን አለፍኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ። አማቴ ከደጃቸው ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ያዩናል። ከጎናቸው ሁለቱ በሬዎች ቀንበር እንደተጫነባቸው ቆመዋል።

«አስጠምጄ እየጠበቅኋችሁ ነበርኮ» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው።