የግድግዳው መስመር

ዛሬ ልጄን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው ጠባብ ኮሪደር ግድግዳ ላይ አመድማ መስመር አየሁ። ከበሩ ጠርዝ ይጀምርና አንዳንድ ቦታ እየጠቆረ፣ አንዳንድ ቦታ እየሳሳ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ይዘልቃል። «ይህን ግድግዳ በቆሸሸ እጅ የነካው ማን ነው?» አልኩ፤ ማን እንደሆነ ቀድሞ በወሰነ ሰው ድምፅ። መጥታ አየችው። ምንም ሳትመልስልኝ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። እጇ ከመስመሩ ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ አለፈ። «አባዬ፣ የእኔ እዚህ ጋር ነው» አለችኝ።

እጄን አንሥቼ መስመሩ ላይ አሳረፍኩት። ልክክ አለ።

አሥራ አራት ወር ሌሊት ሌሊት ስመላለስበት በጣቶቼ የሠራሁት መንገድ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም ወዲያው ረሳችው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

ግድግዳ የሚያስይዘኝ የማዞር ሕመም አጀማመሩ ቀላል ነበር፤ ቀላል መሆኑን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። አንድ ቀን ንጋት ላይ በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ጣሪያው ከቦታው ተነቅሎ ይዞር ጀመር። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ «ስትሮክ ነው፣ አለቀልኝ» አልኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ቆመ። የመረመረኝ ሐኪም ራሴን ወደ ጎን አዙሮ ድንገት ወደ ኋላ አስተኛኝና ዓይኖቼን ተመለከተ። ከፈቃዴ ውጪ ይርገበገቡ ነበር። በውስጥ ጆሮ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች እንዳሉ፣ አንዳንዴ ከቦታቸው ወልቀው በፈሳሽ ወደ ተሞሉት ሦስት ጠማማ ቱቦዎች እንደሚገቡ ነገረኝ። እዚያ ከገቡ ራስ ባልዞረበት ሁሉ «ዞረ» የሚል የሐሰት ወሬ ወደ አንጎል ይልካሉ። ኤፕሊ በሚባለው ዘዴ ራሴን ደረጃ በደረጃ እያዟዟረ ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው መለሳቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ተሻለኝ። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ ያ በሽታ እውነትም ለቀቀኝ።

የቀረው ሌላ ነው። ጣሪያው አይዞርም፤ እኔ ግን ቆሜ ጀልባ ላይ ነኝ። ወለሉ እንደ ፍራሽ ይረግባል። ስቀመጥ ይቀለኛል፣ ስተኛ ይተወኛል፣ ስነሣ ይጠብቀኛል። ሰው የሚተላለፍበት ቦታና እስከ ጣሪያ ዕቃ የተደረደረበት ሱፐርማርኬት ያባብሰዋል። ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ ንጹሕ። ደም ተመረመርኩ፤ ንጹሕ። እግሩ የተሰበረ ሰው ቢያንስ ጀሶ ይታሰርለታል። የእኔ ማስረጃ ግን «ምንም የለብህም» የሚል ወረቀት ብቻ ሆነ። ይህን ወረቀት እንደ ምሥራች የሚሰጡ ሰዎች የተቀባዩን ፊት ቢያዩ እላለሁ።

ስም ያገኘሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒፒፒዲ (PPPD) ይባላል። ባራኒ ማኅበር የተባለው የዘርፉ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 መለያዎቹን ያወጣለት ችግር ነው፤ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ፣ በመቆም፣ በእንቅስቃሴና ዓይንን በሚያጨናንቅ ነገር የሚባባስ የማዞርና የመንገዳገድ ስሜት። መለያዎቹን ሳነብ አንድ ሰው ተደብቆ ኑሮዬን የመዘገበ መሰለኝ። ማኅበሩ በስሙ የተጠራበት ሮበርት ባራኒ የ1914ን የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ በሩሲያ የጦር እስረኛ ነበር። የዝናውም መነሻ የታካሚዎቹ እሮሮ ነው፤ ጆሯችንን ስታጥበን ያዞረናል ይሉታል፤ አንዱ ደግሞ ውሃው ቀዘቀዘብኝ ይለዋል። የቀዘቀዘው ዓይንን ወደ አንድ ጎን፣ የሞቀው ወደ ሌላው እንደሚያስሮጥ ያስተዋለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ያዞረንን ሰዎች ቃል በቁም ነገር የሰማ ሰው ስለሆነ እወደዋለሁ።

ስሙን የነገረችኝ ሐኪም እንዲህ አስረዳችኝ፦ አንጎል ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ምስክሮች ነው፤ በዓይን፣ በውስጥ ጆሮና ከእግርና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ መልእክት። አንዱ ክፉኛ ሲያታልለው እሱን ማመን ይተዋል፣ ወደ ዓይን ያዘነብላል፣ ከዚያም ዘብ ይቆማል። አደጋው ካለፈ በኋላ ዘቡ ቢነሣ መልካም ነበር። የእኔ አልተነሣም። ገደል ጫፍ እንደቆመ ሰው ጡንቻዬ ይገተራል፣ እርምጃዬ ያጥራል፣ የገዛ ሰውነቴን ትንሽ ውልብታ ሳይቀር አደምጣለሁ። እንዲህ እየተደመጠ የማይወዛወዝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፍርሃቱን ያወቅሁት ባንክ ተራ ይዤ ነው። ከፊቴ አምስት ሰዎች ነበሩ። ልክ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ባለ መስመር ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ መስመሮቹ ሲተነፍስ ይነቃነቃሉ። ዓይኔን ወደ ወለሉ መለስኩ፤ ሰድሩ ተንሸራተተ። «አሁን ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ልቤ ደረቴን ይደልቅ፣ ትንፋሼ ይፈጥን ጀመር። ትንፋሽ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ያም ራሱ ያዞራል። ስለዚህ ፈርቼ ነበር ያዞረኝ ወይስ አዙሮኝ ነበር የፈራሁት? እዚያ ቆሞ ይህን የሚለይ ሰው የለም። አራት ሰዎች ሲቀሩ ኪሴን ዳበስኩ፣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው «እህ» ብዬ ወጣሁ። የረሳሁት ነገር አልነበረም። በሩን እንደተሻገርኩ ዓለም ጸጥ አለ። ክፉው ነገር ይህ ዕረፍት ነው። አንድ ጊዜ ሸሽቶ የቀለለው ሰው መሸሽን መድኃኒት ያደርገዋል። ከባንኩ በኋላ ሊፍት፣ ከሊፍቱ በኋላ ድልድይ፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ለቅሶ ቀረሁ። ለቅሶ የቀረሁባቸው ሰዎች እስከ ዛሬ የኩራት ይመስላቸዋል።

ለማን ይነገራል? ፊቴ ጤነኛ ነው። «ስላልበላህ ነው»፣ «ስላልተኛህ ነው»፣ «አታስበው» ይሉኛል። አለማሰብን የመሰለ ከባድ ሥራ የለም። «አይዞህ» ሲሉኝ ደግሞ አንዳንዴ «አይዙርህ» ያሉኝ ይመስለኝና ለብቻዬ እስቃለሁ።

ደብተር ነበረኝ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፤ ከዜሮ እስከ አሥር። ማክሰኞ ጠዋት አራት፣ ቀትር ስድስት፣ ማታ አምስት። በቀለም አሰምሬ የአምስት ወር ገጽ ሞልቻለሁ። በኩራት ይዤው ለሄድኩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳሳያት ሁለት ገጽ ገልጣ ዘጋችው። «ስንት ሆነ ብለው በጠየቁት ቁጥር መልስ ይሰጥዎታል፤ አይቁጠሩት» አለችኝ። ተቀየምኳት። ያ ደብተር የበሽታዬ ብቸኛ የሚታይ አካል ነበር። በምትኩ በወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ጽፌ በክንዴ ርቀት እንድይዝና ፊደሏን ትክ ብዬ እያየሁ ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳዞር አዘዘችኝ። እግር ገጥሞ፣ ዓይን ጨፍኖ መቆምም አለበት። እኔ «ተ»ን መረጥኩ። መጀመሪያ ሰሞን ፊደሏ ትበተናለች፣ ሆዴም ይገለበጣል። ሆን ብሎ ራስን ማዞር ለሚያዞረው ሰው ሕክምና ነው ቢሉኝ ስድብ ይመስለኝ ነበር። ግን አንጎል ጆሮን መልሶ ማመን የሚለምደው እየተፈተነ ነው። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን አነስተኛ መጠን ያለው የድብርት መድኃኒትም እወስዳለሁ፤ በእሱ ማፈር ትቻለሁ። ዛሬ «ተ» በቦታዋ ትቆያለች። ባንክ ግን ገና አልሄድኩም።

ሌሊት ነው የሚከብደኝ። በጨለማ ዓይን ምስክርነቱን ስለሚያቆም ጆሮና እግር ብቻ ይቀራሉ። ሰው እንዳልቀሰቅስ መብራት አላበራም፤ ስለዚህ እጄ ግድግዳውን ይፈልጋል።

ማታ ልጄ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። እሷ የምትደርስበትን ያህል የመስመሩን ሥር ሥር ፈተገች፤ ቀለሙ ትንሽ ነጣ። «ላዩን አንተ ጥረገው» ብላ ጨርቁን ሰጥታኝ ልትተኛ ሄደች። ጨርቁን በሩ እጀታ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቅድም ስነሣ እጄ ሳላዘው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሥሩ ገና እርጥበት አለው። ኮሪደሩ መሃል ላይ ስደርስ አነሣሁት። ወለሉ ረገበ፤ ትከሻዬ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ፤ ያዘንብል አልኩ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ። በአራተኛው መልሼ ያዝኩት።