ከጃሪያ እሳት በፊት ካርታውን
የህንዷ ዳንባድ ለማዕድን ተማሪ የተሠራች ከተማ ትመስላለች። የማዕድን ትምህርት ቤቱ በ1926 የተከፈተ ነው፤ ዛሬ አይአይቲ (የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም) ሆኗል። (ቀኑንም ዓመቱንም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የህንድ የማዕድን ደኅንነት ተቆጣጣሪ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ የጃሪያ የከሰል ምድር ይጀምራል። ስፋቱ ወደ 450 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ህንድ ለብረት ማምረቻ የምትፈልገው ምርጡ የድንጋይ ከሰል በዋናነት የሚወጣው ከዚህ ነው። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁትም እዚሁ ነው።

ብዙዎቹ ጓደኞቼ ማሽን ላይ አተኮሩ። ኤክስካቫተር፣ ዳምፐር (ገልባጭ መኪና)፣ የፍንዳታ ስሌት። እኔ የሞቱ ማዕድን ማውጫዎችን መረጥኩ። ከዛሬው መሬት በታች ያሉት አሮጌ ቁፋሮዎች የት የት ናቸው? ከመሬት በታች የሚነደው የከሰል እሳትስ ያለው እነሱ ባሉበት ነው ወይ?

ጃሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ተቆፍሯል። ቀድሞ የግል ኩባንያዎች ነበሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ከሰሉን መተላለፊያ እያደረጉ ይቆርጡታል፣ ጣሪያውን የሚሸከም የከሰል ምሰሶ በየመሃሉ ይተዋሉ። በኋላ ተመልሰው ምሰሶውንም ይወስዳሉ። ባዶውን በአሸዋ መሙላት ገንዘብ ስለሚያስወጣ ብዙ ቦታ እንዲሁ ተተወ። ከላይ ያለው መሬት ሲሰምጥ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ አየር ይገባል። ተርፎ የቀረው ከሰል ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይሞቃል፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱ ይቀጣጠላል። የመጀመሪያው እሳት የተመዘገበው በ1916 ነው። መንግሥት በ1971 እና 1972 ማዕድን ማውጫዎቹን ሲወርስ እሳቱም አብሮ መጣለት።

ሥራዬ የጀመረው ከቀያሾች ቢሮ ነው። ፈቃድ ለማግኘት ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ግን በር ነው የሚያስከፍተው፣ መሳቢያ አያስከፍትም። መሳቢያውን የከፈቱልኝ ጡረታ የደረሱ አንድ ቀያሽ ናቸው። ከሳቸው ጋር ቻይ እየጠጣሁ የተማርኩትን ክፍል ውስጥ አላገኘሁትም።

አሮጌ ካርታ በጥርጣሬ ነው የሚነበበው። መለኪያው በጫማ ነው። የተሳለበት ሰሜን ብዙ ጊዜ የማግኔት ሰሜን ነው፤ እሱ ደግሞ በዓመታት ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱም በእርጥበት ይለጠጣል፣ ስለዚህ ስካን ከማድረግ በፊት የካሬዎቹን ጎን መለካት ግድ ነው። ካርታውን ከዛሬው መሬት ጋር ለማያያዝ ቦታውን ያልቀየረ ነገር ያስፈልጋል። የባቡር ሐዲድ፣ ቤተ መቅደስ፣ ከሁሉ የሚሻለው የጥንቱ ጉድጓድ አፍ። የተደፈነ ጉድጓድ እንኳ የጡብ ክቡ ይገኛል። እዚያ ላይ ቆሞ ጂፒኤስ መያዝ ነው።

ሌላው ጣጣ የከሰሉ ድርብርብነት ነው። የጃሪያ ዋና ዋና የከሰል ንጣፎች ከታች ወደ ላይ በሮማውያን ቁጥር ይጠራሉ፣ ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት። እያንዳንዱ ካርታ የሚያሳየው አንዱን ንጣፍ ብቻ ነው። አንዱን ለብቻው አይቶ «እዚህ ያልተነካ ነው» ማለት አይቻልም፤ ሌላው ንጣፍ ከሥሩ ወይ ከላዩ ወንፊት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ ሥርዓት) ደራርቤ ጥልቀታቸውን ሳስገባ ነው ምስሉ የወጣልኝ።

ለእሳቱ የላንድሳት ሳተላይትን የሙቀት ምስል ተጠቀምኩ። አንዱ ነጥብ መሬት ላይ መቶ ሜትር በመቶ ሜትር ነው፤ ሰፈሩን ይነግርሃል፣ ስንጥቁን አይነግርህም። ስንጥቁ በእግር ነው የሚገኘው። የምንወጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ፀሐይ ድንጋዩን ካሞቀችው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትሩ እሳቱንና ፀሐይዋን አይለይም። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ደረት ላይ፣ ረጅም ዱላ በእጅ፣ የአካባቢውን ሰው ከፊት። ብቻህን አትሄድም። ሞንሱን፣ የህንድ የዝናብ ወቅት፣ ሲገባ ከየስንጥቁ እንፋሎት ስለሚወጣ ለዓይን ይቀላል፤ የራሰ መሬት ግን ለመደርመስም ይቀላል።

ከሁሉ ትክክለኛ ሆነው ያገኘኋቸው የሰፈሩ እናቶች ናቸው። የማን ቤት ወለል እንደሚሞቅ፣ በየት በኩል ልጅ እንደማይላክ ያውቃሉ። ያለ ፈቃድ የሚቆፈሩትን ጉድጓዶች የነገሩኝም ሰፈርተኞቹ ናቸው። እነዚያ በምንም ካርታ ላይ የሉም። ከሰሉ በብስክሌት ተጭኖ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ሲገፋ ታየዋለህ።

ይህ የካርታ ነገር የወረቀት ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ የቻስናላን ማዕድን ማውጫ ያስብ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1975፣ እዚሁ ዳንባድ አውራጃ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁፋሮ የተጠራቀመ ውኃ ጥሶ ገባና 375 ሠራተኞች ሞቱ። በ1989 ደግሞ በጎረቤቱ የራኒጋንጅ የከሰል ምድር፣ ማሃቢር ማዕድን ማውጫ ውስጥ ያው ዓይነት ውኃ ገባ። ያን ጊዜ ጃስዋንት ሲንግ ጊል የሚባል የዳንባድ ትምህርት ቤት ምሩቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በብረት ካፕሱል ራሱ ወርዶ፣ 65 ሰው አንድ በአንድ አወጣ። ስድስት ሰዎች አልተረፉም። የህንድ ደንብ ካልተመረመረ አሮጌ ቁፋሮ 60 ሜትር ድረስ ሲቀርቡ ያለ ልዩ ፈቃድ መቀጠልን ይከለክላል። ግን 60 ሜትሩ ከየት ይለካል? ከካርታው ነዋ!

ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራው ከላይ ነው። መሬቱን ገልጦ የሚነደውንም ያልነደደውንም ከሰል ማውጣት። ለእሳቱ አንድ መፍትሔ ነው፣ ምርትም ያስገኛል። ኤክስካቫተሩ ባዶ ላይ እንዳይቆም ግን ከፊቱ እየበሱ መሞከር ይጠይቃል። ነዋሪውንም ያስነሳል። በ2009 በጸደቀው ዕቅድ መሠረት ወደ ቤልጋሪያ፣ ወደ አዲሱ የሰፈራ ቦታ፣ የተዛወሩ ሰዎች ቤት አግኝተዋል፤ የሥራው ነገር ግን እስካሁን የሚያነጋግር ነው። እኔም መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ቤቱ ባይ ነኝ።

የመጨረሻው ካርታዬ ሦስት ዓይነት መስመር ነበረው። የተረጋገጠው ድፍን፣ የሚገመተው ቁርጥራጭ፣ ሰው ነግሮኝ ያላየሁት ደግሞ የጥያቄ ምልክት። አማካሪዬ ለፈተናው ቀን የጥያቄ ምልክቶቹን አጥፋቸው አሉኝ፤ ያልጨረስኩት ይመስላል ብለው። ተከራክሬ አስቀረኋቸው። ቀያሹ ቅጂ ሲጠይቁኝ የፈለጉት እነሱን ነው። መሰርሰሪያው መጀመሪያ የሚላከው እዚያ ነው አሉኝ።