የገጠር አጥቢያ ታሪክ ሲጻፍ፦ ወላይታ ላይ ቀን የሚያሳስቱ ነገሮች

ወላይታ ውስጥ አንድ የገጠር ቃለ ሕይወት (የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያ የምሥረታ በዓል ሊያከብር ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈነዳው ክርክር የዓመቱ ነው። አንዱ ሽማግሌ የሚቆጥሩት የመጀመሪያው ቤተሰብ ጌታን ከተቀበለበት ጊዜ ነው። ሌላው የሣር ክዳን ጸሎት ቤት ከተሠራበት ይጀምራሉ። ሦስተኛው ደግሞ አጥቢያዋ ከእናት ቤተ ክርስቲያን ተለይታ የራሷን ሽማግሌዎች ከመረጠችበት። ሦስቱም እውነት ይናገራሉ፤ በመካከላቸው ግን አሥር ዓመት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም ቀን ለየብቻ ጻፉ፤ የትኛው እንደሚከበር ኮሚቴው ይወስን።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የኤስ አይ ኤም (የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን) ሚሲዮናውያን ወላይታ ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በፈረንጆች ዲሴምበር 1933 ነው። በደፈናው 8 የቀነሰ ሰው 1925 ይላል፤ ትክክለኛው ታኅሣሥ 1926 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚቀነሰው 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ወሩ ካልታወቀ «1925/26» ብሎ መተው ይሻላል።

ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚያዝያ 1929 ሶዶን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ጥቂት ደርዘን ብቻ ነበሩ። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር አማኝ ነው። እንግዲህ የአጥቢያችሁ መነሻ በነዚያ ዓመታት መካከል ከወደቀ የሚሲዮን ደብዳቤ ውስጥ አትፈልጉት፤ ወንጌሉን ከመንደር መንደር ያደረሱት ገበሬዎች ናቸው፤ መዝገብም አልያዙም።

የሚቀረው የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰውየው እንዳያሳፍራችሁ ሲል የሰማውን ቁጥር ይደግምላችኋል። «ጣሊያን ሲወጣ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?»፣ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጸሎት ቤቱ ሣር ነበር ወይስ ቆርቆሮ?»፣ «በ77ቱ ድርቅ ማን ነበር ወንጌላዊው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዋጁ የካቲት 1967 ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ እያሉ ማጥበብ ይቻላል። ሽማግሌዎችን በአንድ አግዳሚ ላይ አሰልፎ መጠየቅ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው፦ ታላቁ ከተናገረ ሌላው አይቃወምም። በየቤታቸው ሄዳችሁ፣ ለየብቻ አናግሯቸው።

ከወረቀት ውስጥ ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው የቆርቆሮ መዋጮ ደብተር ነው። ማን ስንት ቅጠል ቆርቆሮ፣ ማን ስንት ኪሎ ሚስማር፣ ማን ግንድ፣ ማን የጉልበት ቀን እንደሰጠ ከነቀኑ ይገኝበታል። ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው ውሳኔን ነው፤ የመዋጮ ደብተር ግን ሰዎቹን ራሳቸውን ይዟል። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው አንዳንዶቹ የቀበሌ አዳራሽና መጋዘን ሲሆኑ ደብተሮች ተቀበሩ፣ ተቃጠሉ፣ ወይም በሰው ጣሪያ ሥር ተሰወሩ። ስለዚህ የያኔውን ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ልጆች ጠይቁ።

የአባላት ቁጥርም ያጣላል። ቃለ ሕይወት ሕፃናትን ስለማያጠምቅ የጥምቀት መዝገብ ልጆቹን አይቆጥርም፤ የሰንበት ተሰብሳቢ ቁጥር ግን ይጨምራቸዋል፤ አንዳንድ ሪፖርት ደግሞ የሚቆጥረው አባወራን ነው። «300 አባላት» ብሎ ከመጻፍ በፊት ምን እንደተቆጠረ ይገለጽ። የሴቶች ስም በአፍ ታሪክ «የእገሌ ባለቤት» ሆኖ ይቀራል፤ የጥምቀት መዝገቡ ግን በራሳቸው ስም ሊይዛቸው ስለሚችል ሁለቱን አስተያዩ።

ደብተሩን ያገኘ ሰው መጀመሪያ ፎቶ ያንሣ፦ ከቤት ውጭ በጥላ፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ገጽ በገጽ፣ ባዶውንም ጭምር። ክረምት ላይ ሻጋታና ምስጥ አይታገሡም። ቅጂው አንዱ ለእናት ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ለቀጠናው ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ደብተሩ ራሱ ግን ለባለቤቱ ቤተሰብ ይመለስ። ያልተመለሰ ደብተር በወሬ ስለሚሰማ ቀጣዩን ማንም አያወጣላችሁም።